ጨጓራ ቦታውን ሲለቅ

በበጋ ወራት ጋምቤላ ውስጥ ሰው ቀን አይርበውም። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ የሚያምረው ውሃ ብቻ ነው። ምግብ የሚታሰበው ፀሐይ ከጠለቀችና ከባሮ ወንዝ በኩል ነፋስ ቢጤ መንፈስ ከጀመረ በኋላ ነው። ከሥራ የተመለሰው ገላውን ይታጠባል፣ ወንበር ደጅ ይወጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ገበታው ሲቀርብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ቀኑን ባዶውን የዋለ ሆድ ደግሞ ጥቂት አይበቃውም። የበቆሎ ገንፎ በባምያ፣ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ፣ የደገኛ ቤት ከሆነም እንጀራ በቀይ ወጥ ይበላል፤ በላዩ ቡና ይፈላል። ከዚያ አልጋ ደጅ ይወጣል፣ አጎበር ይወጠራል፣ እንቅልፍ ነው።

ይህን አኗኗር እወደዋለሁ። የእጅ ፓምፕ እየጠገንኩ በክልሉ ወረዳዎች ስዞር በአኙዋ ቤት፣ በኑዌር ቤት፣ በደገኛ ቤት የበላሁባቸው ምሽቶች ከሥራው ትዝታ ሁሉ ይበልጡብኛል። ነገር ግን ሳላውቀው በሰውነቴ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ሰፍቶ ኖሮ፣ የምሽቱ ገበታና ጠፍጣፋው አልጋ ተባብረው ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሱኝ። ሕመሙ ሃያታል ሄርኒያ ይባላል። የጨጓራ የላይኛው ክፍል ሆድንና ደረትን በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲወጣ የሚመጣ ነው። ይህን እስካውቅ ድረስ የተንከራተትኩበትን መንገድ የምጽፈው፣ ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ሌሊት ነበር የሚመጣብኝ። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስደኝ ኮምጣጣና መራራ ውሃ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና አንቆ ያስነሳኛል። ተቀምጬ እስላለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ደረቴ መካከል ይነድዳል። ሲነጋ ድምፄ ሻክሮ ያድራል። ጋምቤላ ውስጥ የታመመ ሰው አስቀድሞ የሚመረመረው ለወባ ነው፤ በዚያ አገር ወባን ሳያጣሩ ሌላ በሽታ መፈለግ አደጋ ስላለው ልክ ነው እላለሁ። ጣቴን ተወጋሁ፣ ወባ የለብህም ተባልኩ። ሳሉ እንዳለ ቀጠለ።

በዚያ ላይ ስውጥ ማመም ጀመረኝ። ምራቄ ሳይቀር ሲወርድ ይታወቀኛል። የዚህኛው መነሻ የተገኘው በአጋጣሚ፣ አንዲት ፋርማሲስት ዘንድ የሳል ሽሮፕ ልገዛ በገባሁበት ቀን ነው። ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። ከደጋ ስወርድ ወባ ለመከላከል ዶክሲሳይክሊን ታዝዞልኝ ነበርና ነገርኳት። መቼ እንደምውጠው ጠየቀችኝ። ማታ ስተኛ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ አልኳት፤ ያዘዘልኝ ሰው ስለ አወሳሰዱ ምንም አልነገረኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ከምግብ ጋር፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብለው ነው የሚዋጠው» አለችኝ። «ከዋጡም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋደም እንዳይሉ። ቧንቧዎ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ያቆስለዋል።»

እውነቷን ነው። ዶክሲሳይክሊን የምግብ ቧንቧን በማቁሰል ከሚታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም በዚሁ ይታማሉ። ጨጓራው ቦታውን በለቀቀ ሰው ላይ ደግሞ እንክብሉ መንገድ ላይ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። አወሳሰዴን ባስተካከልኩ በሳምንቱ መዋጡ አላመመኝም። እስከ ዛሬ ያቺን ልጅ አመሰግናታለሁ። ኮምጣጣው ውሃ ግን ሌሊት ሌሊት መምጣቱን አልተወም።

ቀጥሎ ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ተልባ ዘፍዝፈህ ጠጣ፤ አብሽ ይሻልሃል፤ ቀዝቃዛ ወተት፤ የጥሬ ድንች ጭማቂ፤ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ስለነበረ ሁሉንም ሞከርኩ። ተልባው ጉሮሮዬን ያለሰልስልኛል፣ ጉዳትም አላየሁበት። ወተቱ ለጥቂት ጊዜ እሳቱን ያበርደዋል፤ ከዚያ ግን ቅባቱና ፕሮቲኑ ጨጓራ ይበልጥ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋሉ፣ በተለይ ሊተኙ ሲሉ ከጠጡት። ሶዳው አሲዱን ያከሽፋል፤ ነገር ግን ብዙ ሶዲየም ስላለበት ደም ግፊት ያለበት ሰው ሊዳፈረው አይገባም፤ የሚፈጥረው ጋዝም ሆድ ይነፋል፤ የተነፋ ሆድ ደግሞ አሲዱን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የክሊኒኩን ስም መጥቀስ አልፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ክሊኒክ ብቻ አይደለምና። ደም ተወሰደ፣ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ» ተባለ፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ታዘዘልኝ። ቀለል አለኝ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመለሰብኝ። ተመለስኩ፤ ያው የደም ምርመራ፣ ያው ውጤት፣ ያው መድኃኒት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም የሚያጣው እዚህ ነውና። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲያገኙት፣ የጨጓራ ቁስለት መነሻው ጭንቀትና በርበሬ ነው ይባል የነበረውን ገለበጡት፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ባክቴሪያው እውነት ነው፣ ቁስለት ያመጣል፣ ሲገኝም መታከም አለበት። ነገር ግን በአገራችን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ ደረቱን የሚያቃጥለው ሰው ሲመረመር ባክቴሪያው ቢገኝበት፣ ለቃጠሎው ምክንያቱ እሱ ነው ማለት አይደለም። ሌላም ነገር አለ። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ድኖ ያለን ሰው አልዳንክም ሊል ይችላል። መዳንን ለማረጋገጥ የሚሆነው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይቶ። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ዙር ስውጥ ያቀለለኝ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኢታንግ ልውሰዳችሁ። አንድ ቀን እዚያ ለጥገና የምናወጣው ኢንዲያ ማርክ ቱ የሚባለውን ፓምፕ ነበር። አፍሪዴቭ ቢሆን ቧንቧው ፕላስቲክ ነው፤ ፒስተኑን በዘንጉ ብቻ ስቦ ማውጣት ይቻላል። ኢንዲያ ማርክ ቱ ግን የብረት ቧንቧው እንዳለ መነሳት አለበት፤ እያንዳንዱ 3 ሜትር፣ ውሃ የቋጠረ ሲሆን ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው። ምሳ በልተናል፣ ዓሣ ነበር፣ ጠግበናል። ጉድጓዱ አፍ ላይ አጎንብሼ ቧንቧውን በቁልፍ ይዤ ስቃና ደረቴ መካከል አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። ላብ አጠመቀኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ፓምፑን የሚጠብቀው የኑዌር ወጣት ክንዴን ይዞ ወደ ዛፉ ጥላ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ አይተኙ» አለኝ። ለምን እንዳለው አላውቅም፤ ምክሩ ግን ትክክል ነበር።

ልቤ ነው ብዬ አመንኩ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደረቱን እንዲህ ሲይዘው ሌላ ነገር ማሰብም የለበትም። መኪናችን እስከ ጋምቤላ ያለውን መንገድ ስትበር የዘመድ አዝማዱ ፊት ሁሉ በዓይኔ ዞረ። ወጣቱ እጄን ሳይለቅ አብሮኝ ተጓዘ፤ ከብቶቹን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ። ሆስፒታል ስንደርስ የልብ ምርመራው ተነሳልኝ፣ ደምም ታየ። ልቤ ደህና ነበር።

ያከመኝ ወጣት ሐኪም ግን ደህና ነህ ብሎ አላሰናበተኝም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። ሲያጎነብሱ ይብስብዎታል? ሲተኙስ? እራት ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት? ቀበቶዎን ሲያጠብቁትስ? ከባድ ነገር ያነሳሉ? ለሁሉም መልሴ አዎ ነበር። «ጨጓራዎን ማየት አለብን፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልግዎታል» አለና ወደ ጅማ የሚወስደኝን ወረቀት ጻፈልኝ።

የጅማን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጋምቤላ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ካለችው ቆላ፣ በቦንጋ በኩል ይወጣና በቡሬ አድርጎ ጎሬ ሲደርስ ከ2000 ሜትር በላይ ሆኗል። ከዚያ መቱ፣ በደሌ፣ ጅማ። የአውቶቡሱ ወንበር ወደ ፊት አጠፈኝ፣ መንገዱ ይንጠኛል፣ ኮምጣጣው ውሃ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ጎሬ ላይ ሰው ምሳ ሲበላ እኔ ቆሜ በእግሬ ስንጎራደድ ቀለለኝ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር መቆም ልማዴ ሆነ። ቀበቶዬን ፈትቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ኢንዶስኮፒን የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ እኔም ፈርቼው ነበር፤ ከፍርሃቱ ያነሰ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባዶ ሆድ ይዋላል። ጉሮሮ በመርጫ ይደነዝዛል። በግራ ጎን ይተኛሉ፣ ጥርስ መካከል የፕላስቲክ ቀለበት ይገባል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ያቅለሸልሻል፣ እንባ ያወርዳል፣ ግን ያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ሲጨርስ ምስሉን አሳየኝ። የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ጫፍ ቀልቷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጨጓራዬ መጀመር የሌለበት ቦታ ላይ ጀምሯል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ደረቴ ገብቷል።

ፓምፕ ጠጋኝ ነኝና በሥራዬ ልንገራችሁ። በእጅ ፓምፕ ሲሊንደር ግርጌ ፉት ቫልቭ አለ። ውሃ ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ወደ ታች አይመልስም። ጎማው ያለቀ እንደሆነ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ሌሊቱን ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ በማለዳ ጀሪካን ይዛ የመጣችው እናት ውሃ ሳታይ ብዙ ጊዜ ትመታለች። በሰው ሆድ አቅጣጫው ግልባጭ ነው፤ ምግብ ወደ ታች ያልፋል፣ ወደ ላይ መመለስ የለበትም። ይህን የሚጠብቁት ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው በራሱ በምግብ ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለ የቀለበት ጡንቻ ነው። ሁለተኛው የምንተነፍስበት ድያፍራም የሚባለው ሰፊ ጡንቻ ነው፤ ቧንቧው በቀዳዳው ሲያልፍ ከውጭ ዙሪያውን ይጨብጠዋል። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ ስንስል፣ ስናጎነብስ፣ ስናምጥ አብረው ይዘጋሉ። የድያፍራሙ ቀዳዳ ሲሰፋ፣ ቧንቧውን ከቦታው ያሰሩት ጅማቶችም ሲላሉ ጨጓራው ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ቀለበቱም አብሮ ይወጣል፤ ድያፍራሙ ከታች ይቀራል። ሁለቱ ጠባቂዎች ተለያዩ። ደካማው ቀለበት ብቻውን ቀረ። የሰው ልጅ ተጋድሞ ሲተኛ ምን እንደሚሆን ያኔ ገባኝ።

ይህ ሕመም ካለባቸው 95 ከመቶ ያህሉ እንደ እኔ ተንሸራታች የሚባለው ዓይነት ነው ያላቸው፤ ጨጓራው ይወጣል፣ ይመለሳል። ቀሪዎቹ ላይ የጨጓራው ክፍል በምግብ ቧንቧው ጎን አልፎ ይወጣል፤ ይህኛው አንዳንዴ ተጠምዝዞ የደም ዝውውሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ሐኪሞች በጥብቅ ይከታተሉታል። ከ50 ዓመት በኋላ በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ብዙው ሰው እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ ኖሮ ያልፋል። ዕድሜ ጅማቱን ያላላዋል። ውፍረት፣ እርግዝና፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ምጡ፣ ከባድ ሸክም የሆድን ግፊት እየጨመሩ ያግዙታል። የኔ ብረት ቧንቧ የት እንደቆመ መናገር አያስፈልገኝም። ጋምቤላ ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በራሷ ተሸክማ፣ ልጅ አርግዛ፣ በጭስ ቤት እየሳለች የምትኖር ሴት ደረቷን ሲያቃጥላት ማን እንደሚጠይቃት ግን ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ለካ ሐኪሞችም ይህን ለማወቅ ብዙ ደክመውበታል። ኮምጣጣው ውሃና የቧንቧው መቁሰል ጨጓራው ቦታውን ከመልቀቁ ጋር እንደሚያያዝ እንግሊዛዊው ፊሊፕ አሊሰን አጥርቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ የተወለደው በስደት አገር ነው። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ወደ ኢስታንቡል ተሰደደ። በ1936 እዚያ የአንድ ወጣት የምግብ ቧንቧ ጫፍ ቆርጦ ከጨጓራው ጋር ሲሰፋ፣ ስፌቱ እንዳያፈስ የጨጓራውን ግድግዳ ዙሪያውን ጠቀለለበት። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ቃር የሚባል እንደማያውቅ ሰማ። በ1955 በስዊዘርላንዷ ባዝል ሆን ብሎ ለዚሁ ሕመም ሠራው፣ በ1956 ለዓለም አሳተመው። ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ከ1991 ወዲህ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታገዘ ይሠራል። ለሁሉም ሰው አይደለም። መድኃኒትና ጥንቃቄ ላልበቃው፣ ወይም ጨጓራው በጎን ለወጣበትና ለሚያሠቃየው ነው። ከቀዶው በኋላም ለመዋጥ መቸገር፣ ሆድ መነፋትና ማግሳት አለመቻል የሚያጋጥማቸው አሉ። ለእኔ አያስፈልግህም ተባልኩ።

የታዘዘልኝ ያው ኦሜፕራዞል ነበር፤ ልዩነቱ አወሳሰዱ ነው። ከቁርስ በፊት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ። መድኃኒቱ የሚዘጋው ምግብ ሲመጣ ሥራ የሚጀምሩትን አሲድ አመንጪዎች ስለሆነ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። እኔ ግን ድሮ ሲያቃጥለኝ፣ ጠግቤ፣ በእኩለ ሌሊት ነበር የምውጠው። ሌላም ነገር ተነገረኝ፤ ኦሜፕራዞል የሚመለሰውን ውሃ ኮምጣጣነት ይቀንሳል እንጂ ጨጓራን ወደ ቦታው አይመልስም። ለዓመታት ያለ ሐኪም ክትትል ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12ና የማግኒዥየም እጥረት ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙ ቆይቶ በድንገት ቢያቆሙት ደግሞ አሲዱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀስ በቀስ፣ ከሐኪም ጋር ነው የሚተወው።

ዋናው ሕክምና ቤት ውስጥ ሆነ። የመጀመሪያው አልጋ ነው። የአልጋው ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል ተባልኩ፤ ትራስ መደራረብ አይረዳም፣ ወገብ አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ይብሳል። ጡብ ገዝቼ ከራስጌው እግሮች ሥር አደረግሁ። አልጋዬ ደጅ ነበርና አንድ ሌሊት ዶፍ ወረደ፤ አፈሩ ራሰ፣ የቀኙ ጡብ ሰመጠ፣ አልጋው ዘመም ሲል አጎበሩ ተቀደደ። ሌሊቱን ትንኝ ሲበላኝ አደረ፣ ጥቂት ሰንብቶ ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ወባው እውነት ነበር። ኮአርተም ታዘዘልኝ። ኮአርተም ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ወተት ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሠራም፤ ቅባት ለደረቴ ጠላት ነው። ወባው ይቀድማልና ከወተት ጋር ዋጥኩት፣ ከዋጥኩ በኋላ ግን ወንበር ላይ ተደግፌ ቆየሁ። እንዲህ ሁለት በሽታ ሲጣላ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ ሐኪም አጠገብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ያከራዩኝ አኙዋ እናት ናቸው፤ በሽታዬን ሲሰሙ አልጋዬን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ አልጋህን መሬት ላይ አትመነው» አሉኝና አናጢ ጠሩ። አናጢው ሁለት ወፍራም ግንዲላ ቆረጠ፣ የአልጋው እግር የሚቀመጥበት ጎድጓድ ቀረጸበት፣ አገደመው። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። በግራ ጎን መተኛትንም ለመድኩ፤ በዚያ በኩል ሲተኙ ጨጓራው ከቧንቧው አፍ ዝቅ ስለሚል አሲዱ ለመመለስ ይከብደዋል።

ከባዱ ገበታው ነው። በልቶ ከመተኛት በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ማለፍ አለበት። ስለዚህ እራቴ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትንሽ ሆነ፤ የቀኑን ምግብ በሙቀቱም ቢሆን ከፋፍዬ መብላት ጀመርኩ። ይህ ግን ሰው ቤት አይሠራም። አብረው ከአንድ ሳህን በሚበሉበት ቤት ጥቂት ቀምሶ እጅን ማንሳት ቅያሜ ነው፤ የደገኛውም ቤት ጉርሻ አለ፣ «በሞቴ» አለ። ላሬ ወረዳ ውስጥ አንድ የኑዌር ሽማግሌ ሁለቴ እምቢ ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ሕመሜን ነገርኳቸው፤ ጨጓራዬ ሲተኛ ወደ ደረቴ እንደሚወጣ በእጄ አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ማታ አትምጣ፤ ቀን ና፣ አብረን እንበላለን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተጠየቅሁበት ቤት ሁሉ በቀን ነው የምሄደው። በሽታን ደብቆ ሰውን ከማስቀየም ነግሮ አብሮ መላ መፈለግ ይሻላል።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። ቀኑን ውሎ በአንድ ጊዜ ሆድ መሙላት፣ ከሁሉም በላይ የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ዶሮ ወጥ በልቶ መተኛት እንደ እኔ ላለ ሰው ሥቃይ ነው። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው፤ አስበውበት ፈቀዱልኝ። ፋሲካ ሌሊት ትንሽ ቀምሼ፣ ዶሮውን ጧት ነው የምበላው። በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ ማፍጠሪያው ላይ ጥቂት፣ ቆይቶ ደግሞ ጥቂት።

ቡናን መተው ግን ከሁሉ ከበደኝ። ጋምቤላ ራሷ የቡና ከተማ ነበረች። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ለእንግሊዞቹ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ፣ ከጎሬ በኩል በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደ የኢሉባቦር ቡና እዚህ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርጎ ካርቱም ይደርስ ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቡና አልጠጣም ማለት ይከብዳል። ሐኪሜም ፈጽመህ ተው አላለኝም። ቡና የሚቀሰቅስበት ሰው አለ፣ የማይቀሰቅስበትም አለ፤ ራስህን አይተህ ወስን አለኝ። አቦሉን ከቁርስ በኋላ እጠጣለሁ፤ ማታ ግን አልቀምስም። እኔን የሚያስነሱብኝ በርበሬና ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ፣ ከርከዴ፣ ጥብስና ቢራ ናቸው። የሌላው ሌላ ይሆናል።

ሥራዬን አልተውኩም። ከባዱን ቧንቧ አሁን በሦስት እግር ማንሻና በሰንሰለት ነው የምናነሳው፤ ምሳ የምበላውም ቧንቧው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ኪሎም ቀንሻለሁ፤ ከመድኃኒቱ እኩል የረዳኝ እሱ ይመስለኛል።

አንባቢ ሆይ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደረትህን የሚያቃጥልህ፣ ሌሊት ኮምጣጣ ውሃ የሚያስነሳህ ከሆነ ለባክቴሪያ ደጋግመህ ከመዋጥህ በፊት እራትህን ስንት ሰዓት እንደምትበላና እንዴት እንደምትተኛ ለሐኪም ንገር። ምግብ ጉሮሮህ ላይ የሚቆምብህ ወይም ያለ ምክንያት የምትከሳ ከሆነ ግን ቃር ነው ብለህ አትቆይ፤ በአገራችን፣ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ብዙ ሰው ይገድላልና ኢንዶስኮፒ ይታይልህ። ደም ካስመለሰህ፣ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደረትህ ከሆድህ ጋር በኃይል አሞህ ማስመለስ አቅቶህ ካማጠህ፣ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድህና ወደ መንጋጋህ ከሄደና ካላበህ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅስ፤ እስኪነጋ አትጠብቅ።